ሎክ የሌለው ትሬሞሎ ብሪጅ፦ የቱን ልግዛ፣ እንዴትስ ላስተካክለው? (ድሬዳዋ)

ሳቢያን_10-46

ሰላም ለቤቱ። የስትራቶካስተር ቅርጽ ያለው የቻይና ጊታር አለኝ። ብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት ብረት) ከፊት በስድስት ብሎን የታሰረ፣ ክሩን የሚቆልፍ ሎክ የሌለው ትሬሞሎ ነው፤ ባር በሚባል ዘንግ ሲጫኑት አዘንብሎ ድምፁን የሚያወርድ ዓይነት። ክሩ 10-46 (ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ያለው ውፍረት፣ በሺህኛ ኢንች)። ባሩን ተጭኜ ስለቀው ጂ (ሦስተኛው) እና ቢ (ሁለተኛው) ክር ሻርፕ ብለው (ከቅኝታቸው ከፍ ብለው) ይቀራሉ፣ ባሩ ራሱም ቀዳዳው ውስጥ ይወላወላል። ሥራው ሰርግና ሆቴል ነው። ከኪቦርድ ጋር አንቺሆዬ ስንጫወት ግማሽ ድምፆቹ ስለሚቀራረቡ ትንሽ ስህተት እንኳ ወዲያው ይሰማል።

ፍሎይድ ሮዝ (ክሩን በብሎን የሚቆልፈውን ትሬሞሎ) አልፈልግም። መድረክ ላይ ክር ሲበጠስ ቁልፍ ይዞ መታገል አይሆንም፣ አካሉንም ማስቆፈር አልሻም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ስላለ አንድ ብሪጅ ላስይዝ ነው፤ ካልገጠመ ግን መመለስ የለም። ምን ምን ልለካ? ባለ ሁለት እግሩ ይሻላል ባለ ስድስት ብሎኑ? ተንሳፋፊ ላድርገው ወይስ አካሉ ላይ ላስተኛው?

ቶርኖ_መጋላ

አቦ፣ መጀመሪያ ካሊብሮ (ሚሊሜትር መለኪያ) ፈልግ። ብሪጅ ገዝቶ የሚቆጨው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በፎቶ አይቶ ያዘዘ ነው፤ በፎቶ ሁሉም አንድ ይመስላሉ።

ዋናው ልክ የብሎኖቹ ርቀት ነው። ከመጀመሪያው ብሎን መሃል እስከ ስድስተኛው ብሎን መሃል ለካ። 52.5 ሚሜ ካገኘህ የእስያው ልክ ነው፤ በብሎንና በብሎን መካከል 10.5 ሚሜ ማለት ነው። 56.4 አካባቢ ከሆነ ፌንደር ስትራቶካስተርን በ1954 ሲያወጣ የተጠቀመበት የድሮው ልክ ነው፤ በብሎንና በብሎን መካከል 11.3 ገደማ። ሁለቱ አይለዋወጡም። "ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ቀዳዳውን ትንሽ ላስፋው" የሚል ሰው አካሉን ያበላሻል፤ አዲሱ ቀዳዳ ከአሮጌው ጋር ስለሚነካካ ፑንታው (የመብሻው ጫፍ) ወደ ክፍቱ ይንሸራተትና ብሎኖቹ መስመር ይስታሉ። የግድ ልክ መቀየር ካለብህ ስድስቱንም ቀዳዳ በጠንካራ እንጨት ዘንግና በእንጨት ኮላ ድፈን፣ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ፣ ከዚያ በ3 ሚሜ ፑንታ እንደ አዲስ ብሳ።

ቀጥሎ የአካሉን ውፍረት ለካ። የፌንደር አካል 44.5 ሚሜ ገደማ ነው፤ ርካሾቹ ቅጂዎች ግን ብዙ ጊዜ ወደ 40 ይወርዳሉ። ከብሪጁ ሥር የሚንጠለጠለው ብሎክ ከጀርባው ወለል ቢያንስ 2 ሚሜ ገባ ብሎ መቅረት አለበት። ሙሉ ቁመት ያለው ብሎክ ቀጭን አካል ውስጥ ከገባ የኋላ ክዳኑን ይመታል፤ ክዳኑን አውልቀህ ብትጫወት ደግሞ ቀበቶህንና ሸሚዝህን ይቦጭቃል።

ሦስተኛው የክር ርቀት ነው። ከስድስተኛው ክር እስከ አንደኛው ክር፣ ሳድሉ (ብሪጁ ላይ እያንዳንዱ ክር የሚያርፍበት ቁራጭ) ላይ። አንገትህ ጠባብ ሆኖ 56 ሚሜ ብሪጅ ብትጭንበት የዳሩ ክሮች ላይኛው ፍሬቶች (አንገቱ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች) አካባቢ ከአንገቱ ጠርዝ ይወድቃሉ፤ አንደኛውን ክር ቪብራቶ ስታደርገው ተንሸራቶ ይወጣል።

ባለ ሁለት እግሩን በተመለከተ፦ እንደ ጎቶ 510 እና ዊልኪንሰን ቪኤስ 100 ያሉት በጣም ጥሩ ሥራ ናቸው፤ ሁለት ስል ጠርዝ ብቻ ስለሚነካ ሰበቃው ያነሰ ነው። ነገር ግን ለእግሮቹ መያዣ ወደ 10 ሚሜ የሚሰፋ ሁለት ጉድጓድ ያስፈልጋል። እሱንም በእጅ ትራፓኖ አይበሱትም፣ ቀጥ ብሎ በቆመ ማሽን ነው። የእግሮቹ ርቀትም አንድ ዓይነት አይደለም፤ በአሜሪካው ፌንደር 56 ሚሜ ገደማ ሲሆን ብዙዎቹ ሌሎች ወደ 74 ይሄዳሉ። አካሌን አላስቆፍርም ካልክ ባለ ስድስት ብሎንህ ላይ ቆይ፤ በደንብ ከተሠራ ምንም አይጎድለውም።

ከዚራ_ሊድ

ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር ስማኝ ወንድሜ። የጻፍከው ምልክት የብሪጅ በሽታ አይመስልም።

ባሩን ስትጫን ክሩ ይላላል። ከነቱ (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያልፉበት ባለ ቦይ ቁራጭ) ወዲያ፣ በመቃኛው በኩል ያለው የክሩ ቁራጭ አሁንም ውጥር ስለሆነ ክሩን ትንሽ ወደ ጊታሩ ራስ ይስበዋል። ስትለቅ ያ ክር ወደ ብሪጁ ተንሸራቶ መመለስ አለበት። የነቱ ቦይ ካነቀው አይመለስም፤ በነቱና በሳድሉ መካከል የቀረው ክር ስላጠረ ሻርፕ ይላል። ጂ እና ቢ ብቻ ሻርፕ ብለው መቅረታቸው ይሄው ነው። ክሩን በጣትህ ስታጎብጠው ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ክር ከጊታሩ ራስ በኩል ይመጣና መመለስ ሲያቅተው ፍላት ይላል (ከቅኝቱ ይወርዳል)። ልትቃኝ መቃኛውን ስታዞር "ጢንግ" የሚል ድምፅ ሰምተህ ድምፁ በዝላይ ከተቀየረ ጥርጣሬ አይግባህ፣ ነቱ ነው።

ብሪጁ ራሱ ሲያጠፋ ምልክቱ ሌላ ነው፤ ስድስቱም ክር አብረው ይዛባሉ። ተጭነህ ስትለቅ ሁሉም ፍላት ካሉ ፕሌቱ (የብሪጁ ጠፍጣፋ ብረት) ወደ ቦታው ሳይመለስ ወደፊት አዘንብሎ ቆሟል። ወደ ላይ ስበህ ስትለቅ ሁሉም ሻርፕ ካሉ ወደ ኋላ ተኝቶ ቀርቷል። ያኔ ብሎኖቹንና ስል ጠርዙን ተመልከት።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ይህን አድርግ። ጂ እና ቢን አላላ፣ ከቦያቸው አውጣ፣ ለስላሳውን የእርሳስ ከሰል ቦዩ ውስጥ ፈትገህ ሙላው። ቢ እና የመጀመሪያው ክር ጊታሩ ራስ ላይ የሚያልፉባት ትንሽዬ ማቀፊያ ሥርም እንዲሁ። ከዚያ መቃኛው ላይ የተጠመጠመውን ቁጠር፤ ከሦስት ዙር በላይ ከሆነ ትርፉ ራሱ እየጠበቀና እየላላ ቅኝት ይሰርቃል። መልሰህ ቃኝ፣ ባሩን በርከት አድርገህ ተጫን፣ እይ።

ከሰሉ ለውጥ ካመጣ ችግሩ ታውቋል፤ ቦዩን በልኩ ማስፋት ነው። ለጂ ክር (ውፍረቱ 17) ቦዩ ከክሩ በጥቂቱ ሰፍቶ፣ ወለሉ ክብ ሆኖ፣ ወደ ጊታሩ ራስ በኩል ማዘንበል አለበት። በጥልቀት አትንካው! ወደታች የወረደ ነት ክፍት ክሩ ፍሬት ላይ ይንጫጫል፤ የሚጠገነው በአዲስ ነት ነው።

ቅባት ብለህ የሞተር ዘይት እንዳታፈስበት። የድሬ አቧራ ከዘይት ጋር ሲገናኝ የአሸዋ ወረቀት ይሆናል፤ ቦዩንም ስል ጠርዙንም ይበላል። ደረቅ ግራፋይት ይበቃል።

ሳቢያን_10-46

እግዜር ይስጥልኝ። ለካሁ፦ ብሎኖቹ 52.5፣ አካሉ 41 ሚሜ፣ ብሎኩ ከፕሌቱ ሥር 35 ሚሜ የሚወርድ ቀላል ዚንክ። ነቱ ላይ ከሰል ካደረግኩ በኋላ ቢ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፣ ጂ ትንሽ ይቀረዋል። የባሩ መወላወል ግን እንዳለ ነው። እንግዲህ ብሪጁን ልተወው? ተንሳፋፊ ወይስ የተኛ የሚለውስ?

ጀጎል_ስድስት_ክር

ከሐረር ሰላም። ለሰርግ ሥራ አስተኛው፤ እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ አልደራደርም።

ምክንያቱ ሚዛን ነው። የ10-46 ክር በመደበኛ ቅኝት በድምሩ ወደ 46 ኪሎ ይስባል፣ 9-42 ወደ 38። ተንሳፋፊ ብሪጅ ማለት ከኋላ ያሉት ሞላዎች ልክ ያንኑ ያህል እየሳቡ ፕሌቱን አየር ላይ አቁመውታል ማለት ነው። አንድ ክር በተበጠሰ ቁጥር ሞላው ያሸንፍና የቀሩት አምስቱ ሻርፕ ይላሉ። ሙሽሮች እየገቡ ዘፈኑን ልታቆም ነው? አንዱን ክር አጉብጠህ ሌላውን ቀጥ አድርገህ ድርብ ድምፅ ስትጫወትም ቀጥ ያለው ፍላት ይላል፤ በክራር አጣጣል ለሚጫወት ሰው ይሄ ትልቅ ጉዳት ነው። ዘፋኙ ግማሽ ድምፅ ዝቅ በሉልኝ ሲል ደግሞ የክሩ ውጥረት ይቀንሳል፣ ሞላው ፕሌቱን ወደታች ይስበዋል፣ አክሽኑ (ክሩ ከፍሬቱ ያለው ከፍታ) ይወርድና ክሩ ፍሬት ላይ ይንጫጫል።

አራተኛ ሞላ ጨምር፣ የክላውን (ሞላዎቹ አካሉ ውስጥ የታሰሩበትን ብረት) ሁለት ብሎኖች እኩል እኩል አጥብቅ፣ ፕሌቱ አካሉ ላይ ይተኛ። ምን ያህል ይጥበቅ ካልክ፦ ሦስተኛውን ክር አንድ ሙሉ ድምፅ ስታጎብጥ ፕሌቱ ካልተነሳ ይበቃል። ከዚያ በላይ ካጠበቅከው ባሩ ድንጋይ ይሆንብሃል።

የአየሩንም ነገር አስብበት። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ላይ፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በደንገጎ በኩል ወጥተህ ስትመጣ ብርዱ ክሩን ያሳጥረውና ሻርፕ ያደርገዋል፣ ስትወርድ ሙቀቱ ያስረዝመዋል። የተኛ ብሪጅ ላይ ስድስት ክር ቃኝተህ ትጨርሳለህ። ተንሳፋፊው ላይ አንዱን ስትቃኝ ሌላው ይሸሻል።

ከዚራ_ሊድ

ስለ ክር መበጠሱ ያልከው ልክ ነው። በቀረው አልስማማም። ትዝታ ላይ የድምፃዊው ጉሮሮ ከድምፁ በላይም ከድምፁ በታችም ነው የሚዋልለው፤ የተኛ ብሪጅ ወደታች ብቻ ስለሚሄድ ቪብራቶው ሁሌም ፍላት በኩል ያዘነብላል። ረጅም ድምፅ ላይ ከዘፋኙ ጋር ስትሄድ ልዩነቱን ጆሮ ይለየዋል። ለዚህ ትልቅ ክፍተት አያስፈልግም፤ ፌንደር ለድሮው ባለ ስድስት ብሎን የሚሰጠው ልክ ከኋላ 3.2 ሚሜ ነው፣ ለባለ ሁለት እግሩ 2.4። ለዚህ ሥራ 1.5 ራሱ ይበቃል።

ሁለቱንም የሚያስታርቅ መንገድም አለ። ከብሎኩና ከጉድጓዱ ግድግዳ መካከል፣ በአንገቱ በኩል፣ በልኩ የተሞረደ ጠንካራ እንጨት አስገባ። ክር ሲበጠስ ሞላው ብሎኩን ወደ አንገቱ ነው የሚስበው፤ እንጨቱ ያቆመዋል፣ የቀሩት ክሮች አይነቃነቁም። ብሎኩን አስነክተህ ካስገባኸው ወደ ላይ መሳብ አይኖርም፤ እንደ ተኛ ብሪጅ ሆነ ማለት ነው። እንጨቱ በኮላ ሳይጣበቅ በግፊት ብቻ እንዲቆም አድርገው፤ ሰርግ ሲሆን ታስገባዋለህ፣ ስቱዲዮ ስትገባ ታወጣዋለህ። የክላውን ብሎን ግን በየጊዜው ግማሽ ዙር መነካካት አለብህ።

ጀጎል_ስድስት_ክር

የእንጨቱን ነገር እቀበላለሁ። በኋላ በኩል አድርጎት ባሩን እንዳይቆልፍ ብቻ ይጠንቀቅ፤ ባሩ ሲጫን ብሎኩ ወደ ቀበቶው ቁልፍ በኩል ነው የሚሄደው።

ቶርኖ_መጋላ

ብሪጁን ልተወው ወይ ላልከው፦ ጥያቄው ፕሌቱ ነው። ብሪጁን አውልቅና ስድስቱን ቀዳዳዎች ከሥር በኩል በስልክ መብራት እይ። ጤነኛ ፕሌት ላይ የቀዳዳዎቹ የታችኛው ጠርዝ ጠረብ ተደርጎ ስል ሆኖ ነው የሚቀረው፤ ፕሌቱ ብሎኑ ላይ እንደ በር ማጠፊያ የሚዞረው በዚያ ነው። ቀዳዳው ቀጥ ብሎ የተበሳ ከሆነ ወይም ጠርዙ ላይ የብሎኑ ጥርስ ምልክት ከተቆረጠበት ፕሌቱ አርጅቷል፣ አዲስ ይምጣ። ጠርዙ ንጹህ ከሆነ የሚቀየረው ብሎኩ ብቻ ነው።

ባርህ የሚወላወለው ዚንኩ ለስላሳ ስለሆነ ጥርሱ ተበልቶ ነው። ለጊዜው የቧንቧ ቴፍሎን ሁለት ዙር በባሩ ጥርስ ላይ ጠምጥም፣ ባሩ በሚጠብቅበት አቅጣጫ። ለዘለቄታው የብረት ብሎክ አሠራ፤ ቶርኖና ፍሬዛ ያለው ቤት ድሬ ላይ አይጠፋም። አሮጌውን ብሎክ እንደ ናሙና ስጣቸው፣ እነዚህን ግን አስምርበት፦

ቁመቱ ላንተ 41 ሚሜ አካል ከ38 አይበልጥ። ላዩን ፕሌቱ የሚቀመጥበት ፍጹም ጠፍጣፋ ይሁን፤ ጎርበጥ ካለ ሦስቱ ብሎኖች ሲጠብቁ ፕሌቱን ያጣምሙታል፣ ከዚያ ስድስቱ ቀዳዳዎች አንድ መስመር ላይ አይሆኑም። የክር ቀዳዳዎቹ ከፕሌቱ ቀዳዳዎች ጋር በትክክል ይግጠሙ። የክሩ ኳስ ወደ 4 ሚሜ ስለሆነ ከሥር የሚገባበት ከዚያ ትንሽ ሰፋ ይበል። አፉ ላይ ያለውን ሹል ጠርዝ በሞረድ አንሳለት፣ ካልሆነ ክሩን እዚያው ይቆርጥልሃል። የባሩን ጥርስ ባሩን ራሱን ይዘህ ሄደህ አስወጣ። የእስያዎቹ ብዙውን ጊዜ 6 ሚሜ ናቸው፣ የአሜሪካው ግን በኢንች የተሠራ ስለሆነ በሚሊ ቁልፍ አይለካም፤ አስገድደህ ብታስገባው ሁለቱንም ታበላሻለህ።

ክላውን ስትፈታ ከኋላው የተበየደችውን ሽቦ አደራ። እሷ ከተነቀለች ክሮቹ መሬት (ግራውንድ) ያጣሉ፣ አምፑ መጮህ ይጀምራል።

ከዚራ_ሊድ

መግጠሚያውን እኔ ልጻፍልህ፤ ቅደም ተከተሉን ካዘበራረቅከው ሁለት ጊዜ ትሠራዋለህ።

ጊታሩ ከውጭ ከገባ መጀመሪያ ክፍሉ ውስጥ ከሻንጣው ወጥቶ ይረፍ። አዲስ ክር፣ ያው የምትጫወትበት ውፍረት። ከዚያ አንገቱ፦ አንደኛ ፍሬት ላይ ካፖ (የክር መቆንጠጫ)፣ የመጨረሻውን ፍሬት በጣት፣ ስምንተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል 0.25 ሚሜ። የድሬ ደረቅ ወር እንጨቱን አድርቆ አንገቱን ወደ ኋላ ሊገፋው ስለሚችል ይህን በዓመት ሁለት ጊዜ ማየት ጥሩ ነው። አንገቱ ሳይስተካከል ብሪጅ አይነካም።

ስድስቱ ብሎኖች ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሁሉንም እስኪጨርሱ ያጠብቃል፣ ፕሌቱም አይዞርም። ክሩን አላልተህ፣ የዳርና የዳሩን ሁለት ብሎኖች ፕሌቱ አካሉ ላይ ለጥ ብሎ በነጻነት እስኪነሳና እስኪወርድ ድረስ አስቀምጥ፤ ሥራውን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። መካከለኞቹን አራቱን ከፕሌቱ በላይ 1.5 ሚሜ ያህል ከፍ አድርገህ ተዋቸው፤ ፕሌቱን ከጎን ከመሸሽ ይጠብቁታል እንጂ አይጫኑትም። ክር ውጥር እያለ እነዚህን ብሎኖች አታዙር፣ ስል ጠርዙን የሚያበላሸው አንዱ ነገር ይሄ ነው።

አሁን ሚዛኑ። አሮጌ የሲም ካርድ ትልቁ ፕላስቲክ ውፍረቱ 0.76 ሚሜ ነው፣ የባንክ ካርድም እንዲሁ። ሁለቱን ደርበህ ከፕሌቱ ጀርባ ሥር አስገባ፣ 1.5 ሆነ ማለት ነው። ሦስት ሞላ፣ ሁለት ከዳር አንድ ከመሃል። የክላውን ብሎኖች ፕሌቱ ካርዶቹን ጠብቆ እስኪይዝ አጥብቅ፣ ከዚያ ስድስቱንም ክር ቃኝ። ካርዱ ስለሚደግፈው ቅኝቱ አይሸሽም። ሲያልቅ የክላውን ብሎኖች ተራ በተራ ሩብ ሩብ ዙር አላላ፣ በየመሃሉ ካርዱን ሳብ ሳብ አድርገው። ቅኝቱ ሳይነቃነቅ ካርዱ ሸርተት ብሎ የወጣ ጊዜ ሞላውና ክሩ እኩል ሆነዋል። እዚያ ላይ አቁም።

ከዚህ በኋላ ነው የሳድሉ ከፍታ፦ አሥራ ሰባተኛው ፍሬት ላይ 1.6 ሚሜ፣ ሳድሎቹም የአንገቱን ቅስት ተከትለው መሃሎቹ ከፍ ይበሉ። የእስያዎቹ የሳድል ብሎኖች 1.5 ሚሜ አለን ኪ ይወስዳሉ፤ የአሜሪካው ግን 1.27 ነው። ልኩ ያልሆነ ቁልፍ አፏን ያሽራታል። በመጨረሻ ኢንቶኔሽን (ክሩ አንገቱ ላይ የትም ቢጫን ቅኝቱን መጠበቁ)፦ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩን (ክሩን ሳትጫን ነካ በማድረግ ብቻ የሚወጣውን ድምፅ) እና የተጫንከውን ድምፅ አወዳድር። የተጫንከው ሻርፕ ካለ ሳድሉን ወደ ኋላ፣ ፍላት ካለ ወደ አንገቱ። በነካህ ቁጥር መልሰህ ቃኝ።

ክሩን ስትመታ ሞላዎቹ ከኋላ የሚጮሁ ከሆነ በመሃላቸው ቁራጭ ስፖንጅ አስገባ፣ ዝም ይላሉ።

ሳቢያን_10-46

ፕሌቱ ንጹህ ነው፣ ስለዚህ ብሎክ አሠራለሁ፣ ነቱንም አስተካክላለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ስድስተኛው ክር ሳድሉ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሄዶም አሥራ ሁለተኛው ላይ አሁንም ሻርፕ ነው።

ከዚራ_ሊድ

ሁለት ነገር እይ። አንደኛ፣ ከሳድሉ በስተኋላ ያለችው ትንሿ ሞላ ሙሉ በሙሉ ተጨብጣ ከሆነ እሷ ናት የከለከለችው። አውጣና ግማሿን በፒንሳ ቁረጣት። ሁለተኛ፣ የአንገቱ ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚይዘው ማግኔት) ለክሩ በጣም ቀርቦ ይሆናል፤ ማግኔቱ ወፍራሙን ክር ስለሚስበው ሁለት ድምፅ ተደራርቦ የሚሰማ ይመስላል፣ ቱነሩም ይዋዥቃል። የመጨረሻውን ፍሬት ተጭነህ ከክሩ ሥር እስከ ማግኔቱ አናት ለካ፤ በስድስተኛው ክር በኩል ከ2.4 ሚሜ ካነሰ ወደ 3.2 አውርደውና እንደገና ቃኝተህ ሞክር።

ቶርኖ_መጋላ

ብሎኩን ልታሠራ ስትሄድ ፕሌቱንም ከነሦስቱ ብሎኖቹ ይዘህ ሂድ። የብሎኖቹ ራስ ፕሌቱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ካልሰመጠ ሳድሉ ላዩ ላይ ይሰናከላል፤ እዚያው ገጥመህ ሳድሎቹን ወዲህ ወዲያ ነድተህ አይተህ ክፈል።